ስለት መያዝን የሚከለክል ሕግ ለሃይማኖት በር ይክፈት?

አብዛኛው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው የተፈጸመ በደልን ነው። የሰረቀ፣ የደበደበ፣ የገደለ ይጠየቃል። ስለት፣ ማለትም ቢላዋ፣ ጩቤና የመሳሰለውን፣ ይዞ በአደባባይ መገኘትን የሚከለክሉ ሕጎች ግን በደሉ እስኪፈጸም አይጠብቁም። ሰውዬው ማንንም ባይነካ፣ ማንንም ባያስፈራራ እንኳ ከወገቡ ወይም ከኪሱ የተገኘው ስለት ብቻውን ያስከስሰዋል። ሕግ አውጪዎች እዚህ ድረስ የሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለት በእጅ ካለ የአፍታ ቁጣ ሕይወት ያጠፋል፤ ፖሊስም ደም ከፈሰሰ በኋላ ከሚደርስ ቀድሞ ቢደርስ ይሻላል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሕግ ክፉ ሐሳብ ያለውንና የሌለውን አንድ ላይ ይሰበስባል። ምግብ አብሳዩ ቢላዎቹን ጠቅልሎ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ሠራተኛ መቁረጫውን በቦርሳው ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል። እነዚህን ሰዎች ወንጀለኛ ላለማድረግ ሕጉ «ለምን ያዝከው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ጥያቄያችን የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ መልሱ «ሃይማኖቴ ስለሚያዘኝ» ከሆነስ?

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሊፈቀድ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ፈቃዱ በሰውም ፊት በፍርድ ቤትም ፊት የሚጸናው በአጻጻፉ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛው መንገድ የሚስተው፣ ሰዎች ልዩ ሁኔታውን፣ ማለትም ከአጠቃላዩ ክልከላ የሚወጣውን ፈቃድ፣ ያልሆነውን ነገር አድርገው ስለሚስሉት ነው።

ጉዳዩ የማን ነው?

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱት በዋነኛነት የሲክ እምነት ተከታዮች ናቸው። እምነቱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛሬ በሕንድና በፓኪስታን ተከፍሎ በሚገኘው በፑንጃብ በጉሩ ናናክ የተጀመረ ሲሆን («ጉሩ» የእምነቱ መምህርና መሪ ማለት ነው)፣ ዛሬ ከ25 ሚሊዮን በላይ ተከታዮች አሉት። አብዛኞቹ በሕንድ ይኖራሉ፤ በብሪታንያ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያም በርካታ ናቸው።

ስለቱ ወደ እምነቱ የገባበት ታሪክ የስደት ታሪክ ነው። አምስተኛው ጉሩ አርጃን እ.ኤ.አ. በ1606 በላሆር፣ ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር ደግሞ በ1675 በዴልሂ አካባቢውን ይገዙ በነበሩት በሙጋል ነገሥታት ዘመን ተገደሉ። የዘጠነኛው ጉሩ ልጅና ተተኪ የሆኑት አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 በአናንድፑር ካልሳ የሚባለውን የቃል ኪዳን ማኅበር መሠረቱ። ወደ ካልሳ የሚገባ ሰው አምስት ነገሮችን ከሰውነቱ ላይለይ ይምላል፦ ያልተቆረጠ ጠጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ የውስጥ ሱሪ፣ በመጨረሻም ኪርፓን የሚባለው ባለ ሰገባ ስለት። ትርጉሙ ደካማውን የመጠበቅና በደልን የመቃወም ግዴታ ነው። ሰውን ለማጥቃት መምዘዝ እምነቱ ራሱ የሚያወግዘው ነው።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሲክ ሁሉ ኪርፓን አይታጠቅም፤ ግዴታው የሚጸናው ቃል ኪዳኑን በተቀበሉት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሃይማኖቱ ለሁሉም የሚሆን አንድ ወጥ ርዝመት አልደነገገም። ከሕንድ ውጭ የሚኖሩ ብዙዎች ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስለት በማንገቻ አድርገው ከልብስ በታች ይይዛሉ፤ በበዓል ሰልፍ ላይ ደግሞ ረጅም ጎራዴ ይታያል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል።

ቃል ኪዳን ለገባ ሲክ ጥያቄው ለምግብ አብሳዩ ከሚቀርበው ይለያል። ምግብ አብሳዩ ቢላዋውን ሥራ ቦታው ትቶ መሄድ ይችላል፤ ሲኩ ግን ኪርፓኑን በር ላይ አስቀምጦ ከገባ ቃሉን አፍርሷል። ስለዚህ ልዩ ሁኔታ የሌለው ሕግ ለእርሱ የሚሰጠው ምርጫ ከእምነቱ ወይም ከትምህርት ቤቱ፣ ከሥራው፣ ከአውቶቡሱ አንዱን መተው ነው።

ልዩ ሁኔታ ምን ይመስላል?

የብሪታንያን ሕግ ምሳሌ አድርጌ የምወስደው ግልጽ ሆኖ ስለተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. የ1988 የወንጀል ፍትሕ ሕግ አንቀጽ 139 ስለታም ወይም ሹል ነገር በአደባባይ መያዝን ወንጀል ያደርጋል። ከክልከላው ውጭ የሆነው ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተከሰሰ ሰው ሊያቀርባቸው የሚችላቸውን መከላከያዎች ይዘረዝራል። በመጀመሪያ በቂ ምክንያት ነበረኝ ማለት ይችላል። በተለይም ለሥራ፣ በሃይማኖታዊ ምክንያት ወይም የብሔራዊ አለባበስ አካል በመሆኑ ይዤዋለሁ ብሎ መከራከር ይችላል።

የሦስቱን አቀማመጥ ልብ እንበል። ሃይማኖት ለብቻው በዙፋን አልተቀመጠም፤ ከሠራተኛው መሣሪያና ስኮትላንዳዊው ከኪልቱ፣ ከቀሚስ መሰሉ ባህላዊ ልብሱ፣ ጋር ካልሲው ውስጥ ከሚሰካው ትንሽ ጩቤ ጎን ለጎን ተሰልፏል። «ሃይማኖት ከሕግ በላይ ተደረገ» የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይሠራም። ሕጉ ራሱ፣ በራሱ ቃል፣ ስለት የሚያዝባቸው ሰላማዊ ምክንያቶች እንዳሉ አውቆ ሃይማኖትን ከእነርሱ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል።

ደግሞም ይህ የፈቃድ ወረቀት አይደለም። ፖሊስ ማስቆምና መጠየቅ ይችላል። የማስረዳት ሸክሙም በተከሳሹ ላይ ነው፤ ምክንያቱ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት አለበት። ኪርፓኑን በጠብ ላይ የመዘዘ ወይም ሰውን ለመጉዳት አስቦ የያዘ ሰው ይህ መከላከያ አያድነውም፤ ለጉዳት የታሰበ መሣሪያ መያዝን የሚቀጣው የ1953 ሕግ ይጠብቀዋል።

ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው የሚመጣው ከዚሁ ነው። «ለማንኛውም ራሴን ለመከላከል ብዬ ያዝኩት» የሚል ወጣት በብሪታንያ ፍርድ ቤት በአጠቃላይ ተቀባይነት የለውም። ታዲያ የኪርፓን ትርጉሙ ራሱ መከላከል ከሆነ፣ ለአንዱ የተነፈገውን ለሌላው መስጠት አይሆንም? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሐሳቦችን ያደባልቃል። ያ ወጣት ስለቱን የያዘው ዛሬ ማታ ሊያስፈልገኝ ይችላል ብሎ ነው። ሲኩ የሚይዘው ግን ጠብ ቢጠብቅም ባይጠብቅም፣ ቤቱም ቢሆን መንገድ ላይም ቢሆን፣ ቃል ስለገባ ነው። ሲኩ «ለጠብ ብዬ ነው የያዝኩት» ያለ ዕለት ሃይማኖታዊ መከላከያው ይወድቃል፤ እንደዚያ ወጣት ይዳኛል።

ትምህርት ቤት፣ ከባዱ ስፍራ

ልጆች ባሉበት ስለት መኖሩን ማንም ወላጅ በቀላሉ አይቀበልም፤ እኔም ይህን ፍርሃት እንደ ጭፍን ጥላቻ አላየውም። በጉዳዩ ላይ እጅግ የታሰበበት ፍርድ የተሰጠውም በትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

በ2001 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካናዳ ሞንትሪያል አንድ የ12 ዓመት ተማሪ በልብሱ ሥር ይዞት የነበረው ኪርፓን በትምህርት ቤቱ ግቢ ወደቀ። በመጀመሪያ አንድ መላ ተገኝቶ ነበር፦ ኪርፓኑ በልብሱ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጥ ተባለ፤ ቤተሰቡም ተስማማ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ግን አልቀበልም አለ፤ የበላይ አካሉም ውሳኔውን አጸና። በምትኩ የቀረበለት ሐሳብ የአንገት ጌጥ ወይም ከሌላ ነገር የተሠራ ጉዳት የማያደርስ ምሳሌ እንዲይዝ ነበር። ልጁ ይህ እምነቴን አይፈጽምልኝም አለ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ በመጋቢት 2006 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍጹም ክልከላው የሃይማኖት ነጻነትን ይጥሳል ሲል ወሰነ።

የፍርዱ ፍሬ ነገር ሕገ መንግሥቱን ከመጥቀስ አልፎ ማስረጃውን በመመርመሩ ላይ ነው። ሲኮች በካናዳ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተምረዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከኪርፓን ጋር የተያያዘ የጥቃት ድርጊት ተመዝግቦ አልቀረበለትም። በአንጻሩ መቀስ፣ እርሳስ፣ የቤዝቦል ዱላ በየትምህርት ቤቱ አሉ። ትምህርት ቤት ሊያረጋግጥ የሚገባው ተገቢውን ደኅንነት እንጂ ፍጹም ደኅንነትን አይደለም፤ ፍጹም ደኅንነት ከተባለማ መቀሱም መውጣት አለበት። ቅድመ ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው፦ በልብስ ሥር እንዲሆን፣ በእንጨት ሰገባ እንዲከተት፣ ሰገባውም በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲሰፋ። እንዲህ የታሸገ ስለት ከቦርሳ ከሚወጣ መቀስ ይልቅ ለመምዘዝ አስቸጋሪ ነው።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሊቪንግስተን ከተማ የተነሣ ተመሳሳይ ክርክርም በ1995 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ወደዚሁ አቅጣጫ አዘንብሏል፤ ስለቱ እንዲደነዝና በሰገባው ውስጥ እንዲሰፋ ተደርጎ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል።

«እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ግን ለዘላለም የሚሠራ አይደለም። በግንቦት 2021 በሲድኒ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ሌላውን በኪርፓን ወግቷል በሚል ተያዘ። የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ወዲያው ኪርፓንን ከትምህርት ቤቶች አገደ። ይህን እውነት የልዩ ሁኔታ ደጋፊዎች ሊሸሹት አይገባም። ተቃዋሚዎችም ቢሆኑ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሊዘሉት አይገባም፦ ከሲክ ማኅበረሰብ ጋር ከተመከረ በኋላ በዚያው ዓመት ነሐሴ እገዳው በቅድመ ሁኔታ ተተካ። ርዝመቱ ከ8.4 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ስል ጠርዝና ሹል ጫፍ የሌለው፣ በልብስ ሥር የሚያዝ ኪርፓን ተፈቀደ። ለእኔ ትክክለኛው ትምህርት ይህ ነው። ጉዳት ሲደርስ መጠየቅ ያለበት ቅድመ ሁኔታው የት ላይ ላላ የሚለው ነው፤ የሁሉንም ልጆች እምነት በአንድ ልጅ ድርጊት መቅጣት ፍትሕ አይሆንም። ስለቱ ስለታም መሆኑ ለእምነቱ ግዴታ ካልሆነ፣ ማደንዘዙ ማንንም አይጎዳም።

«ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» ሲባል

ኢጣሊያ ሌላውን መንገድ መርጣለች። በማንቶቫ አቅራቢያ በምትገኘው ጎይቶ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስለት ይዞ የተገኘ ሲክ 2,000 ዩሮ ተቀጣ፤ የሰበር ፍርድ ቤቱም በ2017 ቅጣቱን አጸና። የፍርድ ቤቱ ምክንያት፣ ወደ ሌላ ኅብረተሰብ መጥቶ የሚኖር ሰው የራሱን እሴት ከተቀባዩ ኅብረተሰብ እሴት ጋር ማስማማት አለበት የሚል ነበር። ስለቱ ረጅም በመሆኑ ውጤቱን እረዳለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልቀበልም። የሕዝብ ደኅንነት ብሎ ማቆም ይበቃው ነበር። «እኛና እነርሱ» ብሎ ሲጨምር፣ እዚያው ተወልዶ ያደገውንና ዜግነት ያለውን ሲክ ምን ሊለው ነው?

ይበልጥ የሚከብደው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ያነሣው ሐሳብ ነው። ጉዳዩ ስለት አይደለም፤ በኦሪገን ሁለት የነባር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አባላት በአምልኮ ሥርዓት ላይ ፔዮቴ የተባለ የተከለከለ ተክል በመውሰዳቸው ከሥራ ተባርረው የሥራ አጥ ክፍያ ተነፈጉ። ፍርድ ቤቱ ሕጉ ሃይማኖትን ዒላማ ያላደረገና ለሁሉም የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ሕገ መንግሥቱ ልዩ ሁኔታ እንዲፈጠር አያስገድድም አለ። እያንዳንዱ ሰው በእምነቱ ከሕግ መውጣት ከቻለ ሰው ሁሉ የራሱ ሕግ አውጪ ይሆናል የሚል ስጋት ነው። ኮንግረሱ በ1993 ሌላ ሕግ አውጥቶ መለሰ፦ መንግሥት የሰውን ሃይማኖታዊ ልማድ በእጅጉ የሚጫን ከሆነ አስገዳጅ ምክንያትና ከሁሉም ያነሰ ጫና ያለው መንገድ ማሳየት አለበት። በ1997 ፍርድ ቤቱ ያ ሕግ በፌዴራል መንግሥት ላይ እንጂ በክፍለ ግዛቶች ላይ እንደማይጸና ወሰነ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሕግ በቃሉ እኩል ሆኖ በክብደቱ እኩል ላይሆን ይችላል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2023 ያየው ይህንኑ ነው። የግዛቱ የመሣሪያ ሕግ በትምህርት ቤት ቢላዋ ለመያዝ ሃይማኖት በቂ ምክንያት አይሆንም ይል ነበር፤ የሲክን ስም አልጠራም። ነገር ግን በኑሮ ሲታይ ጫናው የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነበርና፣ ፍርድ ቤቱ ድንጋጌው ከ1975ቱ የፌዴራል የዘር መድልዎ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ሲኮች በዘር መድልዎ ሕግ ጥላ ሥር መግባታቸው ለሚገርመው ሰው፣ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት በ1983 በጥምጥም ጉዳይ ሲኮች የጋራ ታሪክና ባህል ያላቸው ሕዝብ ናቸው ብሎ ወስኖ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ መለያ መጨመር ያስፈልጋል፤ አደጋው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው። ብሪታንያ በ1976 ጥምጥም የሚያስር ሲክ በሞተር ብስክሌት ላይ የራስ ቁር የማድረግ ግዴታ እንዳይኖርበት ፈቅዳለች። እዚያ አደጋው በዋነኛነት የራሱ ነው። ኪርፓን ግን ሌሎችንም ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ለኪርፓን የሚሰጥ ልዩ ሁኔታ ከራስ ቁሩ የበለጠ ቅድመ ሁኔታ ቢጠየቅበት ተገቢ ነው።

እውነተኛ አማኝ መሆኑን ማን ይመረምራል?

ዳኛ የሃይማኖት ሊቅ ሊሆን አይገባም። የካናዳው ፍርድ ቤት የጠየቀው ልጁ ከልቡ ያምናል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌሎች ሲኮች የአንገት ጌጥ ይበቃናል ማለታቸው የእርሱን እምነት ሐሰት አያደርገውም ብሏል። ይህ አካሄድ ለአስመሳይ በር አይከፍትም ወይ? ትንሽ ይከፍታል። ሆኖም ለጠብ ስለት የሚፈልግ ሰው ጠጉሩን አሳድጎ፣ አምባርና ማበጠሪያ ይዞ፣ ቃል ኪዳን ገብቶ ይጠብቃል ማለት ይከብዳል። የኑሮው አኳኋን ራሱ ማስረጃ ነው።

የሕንድ ሕገ መንግሥት ይህን ጥያቄ በስም በመጥራት ዘግቶታል፤ አንቀጽ 25 ኪርፓን መያዝ የሲክ ሃይማኖትን የመከተል አካል ነው ይላል። በስም መጥራት ግልጽነት አለው፤ ለፖሊስም ይቀላል። ጉዳቱ ነገ የሚመጣውን ሌላ እምነት ውጭ መተዉ ነው። «በሃይማኖታዊ ምክንያት» የሚለው የብሪታንያ አጻጻፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እርሱን እመርጣለሁ። ሃይማኖት የሌለው ሰውም በዚያ ሕግ ባዶ እጁን አይቀርም፤ «በቂ ምክንያት» የሚለው አጠቃላይ መከላከያ አለው።

ስፍራ ሁሉ አንድ አይደለም

የካናዳው ፍርድ ቤት ትምህርት ቤትን ከአውሮፕላን ለይቷል። በትምህርት ቤት መምህሩ ልጁን ያውቀዋል፣ ለዓመታት ይከታተለዋል፤ በአውሮፕላን ግን እንግዶች ለጥቂት ሰዓት በአንድ ዝግ ክፍል ይገናኛሉ፣ እርዳታም የለም። በ1999 በዚያው በካናዳ አንድ ሲክ ኪርፓን ይዤ ልብረር ብሎ ያቀረበው አቤቱታ ውድቅ ተደርጎ ነበር። መፍትሔው የመጣው ባልተጠበቀ በር ነው። በ2017 መንግሥት ለማንኛውም ተሳፋሪ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ስለት ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት በቀር በሌሎች በረራዎች ሲፈቅድ፣ ትንሹ ኪርፓን ያለ አንዳች ልዩ ሁኔታ አብሮ ገባ። አጠቃላዩ ሕግ ራሱ ከሚያስፈልገው በላይ ጠብቆ ከሆነ፣ ለአንዱ ቀዳዳ ከማበጀት ለሁሉም ማላላት ይቀድማል።

ፍርድ ቤቶችስ? በቶሮንቶ በ2012 የተደረሰበት ስምምነት እኔ ሕግ ልጻፍ ብባል ከፊቴ የማስቀምጠው ነው። ኪርፓን የያዘ ሰው ወደ ሕዝብ መቀመጫው ሲገባ መያዙን ለጥበቃው አስቀድሞ ይናገራል። ከነሰገባው ከ19 ሴንቲ ሜትር፣ ስለቱ ብቻውን ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም፤ ከልብስ በታችም ይቆያል። የጥበቃ ኃላፊዎች የዕለቱን ጉዳይ መዝነው አደጋ አለ ካሉ መከልከል ይችላሉ። ሰውዬው አይደበቅም፣ ጥበቃውም አይደነግጥም፤ ሁለቱም ምን እንደሚጠበቅባቸው በሩ ላይ ያውቃሉ።